ዲሲ ያላችሁ፣ ያን ፖስታ አትጣሉት

ምርጫ በቀረበ ቁጥር በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል፦ «ማክሰኞ ሥራ ነኝ፣ የት ሄጄ ልምረጥ?» ዲሲ ለምትኖሩ መልሱ አጭር ነው፤ የትም መሄድ አይጠበቅባችሁም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ለተመዘገበ መራጭ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ እስከ ቤቱ ይላክለታል። ብዙዎቻችሁ ከማስታወቂያ ክምር ጋር አብራችሁ የምትጥሉት ፖስታ እሱ ነው። መመለሻው ቴምብር አይፈልግም። በፖስታ መላኩን ካላመናችሁት በየሰፈሩ በሚቆሙት የምርጫ ሳጥኖች ውስጥ መክተት ነው፤ የሚዘጉት በምርጫው ቀን ምሽት በ8 ሰዓት ነው። (በእኛ 2 ሰዓት። ለእናቶቻችን በሀበሻ አቆጣጠር ንገሯቸው፣ ስምንት ሰዓት ሲባሉ ከምሳ በኋላ ነው የሚመስላቸው።)

በአካል መምረጥ የሚወድም አለ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ልብ በሉ፦ ዲሲ ውስጥ «ያንተ ጣቢያ ያኛው ነው» ተብሎ መመለስ ቀርቷል። ከምርጫው ቀን ቀደም ብለው የሚከፈቱ ማዕከሎች አሉ፤ መንገዳችሁ ላይ ባገኛችሁት ገብታችሁ ትመርጣላችሁ። ያልተመዘገበም የመብራት ቢል ወይም የቤት ኪራይ ውል ይዞ ቢሄድ እዚያው ተመዝግቦ ይመርጣል። ዜጋ ያልሆናችሁ ግን ለፕሬዚዳንትም ሆነ ለኮንግረስ ድምፅ እንዳትሰጡ፣ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

ነገር የሚበላሸው ፊርማው ላይ ነው። ወረቀቱን አሳምራችሁ ሞልታችሁ ፖስታው ላይ ሳትፈርሙ ከላካችሁ ድምፃችሁ ሊቀር ይችላል። ከፈረማችሁም ፊርማው ስትመዘገቡ ከሰጣችሁት ጋር ይመሳከራል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በአማርኛ ፊደል ሊፈርሙ ብዕር አንስተው ነበር። «እማማ፣ ቆይ እስቲ መታወቂያዎን ልየው» አልኳቸው። መታወቂያው ላይ ያለው ልጃቸው ያስጠናቸው የእንግሊዝኛ ፊርማ ነው። «እንዴ! ይሄን እኮ ከዚያ ወዲህ ፈርሜም አላውቅ» ብለው ሳቁ። ሌላ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማምደው ፈረሙ። እቤታችሁ ያሉትን አዛውንቶች ፊርማ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት እዩላቸው።

ከዚህ የባሰው ግን ይሉኝታ ነው። «እንግሊዝኛ ሳላውቅ እዚያ ገብቼ ላፍር?» የሚሉ ስንት አሉ! የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሻሻል ዓይኑ ለማያይ፣ አካል ጉዳት ላለበት ወይም ማንበብና መጻፍ ለማይችል መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው እንዲረዳው ፈቅዷል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የማይፈቀድላቸው አሠሪውና የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። ይህ መብት ዲሲ ብቻ ሳይሆን በመላ አሜሪካ ይሠራል። ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ስትረዱ ደግሞ እነሱ የፈለጉትን ሙሉላቸው፤ የእናንተን ምርጫ አይደለም።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ይህን መብት ይበልጥ ያዙት። የፌዴራሉ ሕግ ምርጫ በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ ማኅበረሰቦችና ለአሜሪካና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው፤ አማርኛ የለበትም። ዲሲ ውስጥ አማርኛ የገባው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የራሷ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ነው። እዚያ መረጃም አስተርጓሚም በአማርኛ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለነው ቁጥራችን ትንሽ ሆኖ አይደለም፤ እኔ እንደሚመስለኝ ጠያቂ ነው ያጣነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ አካባቢያችሁ የምርጫ ቢሮ ደውሉና «የአማርኛ መረጃ አላችሁ ወይ?» በሉ። የለም ካሉ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ዕድሮችና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም በማኅተማቸው ይጠይቁ።