የሐዘን ወጪና የጃፓን ገጠር

ሰው በሞተ ቁጥር የቀሪዎቹ ቤት እንዳይራቆት ምን ማድረግ ይገባል? ይህ ጥያቄ በአገራችን በተዝካር ምክንያት ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ሙታናቸውን በቡድሃ ሃይማኖት ሥርዓት የሚሸኙት የጃፓን ገበሬዎችም ተጨንቀውበታልና የደረሱበትን ብንመረምር እንጠቀማለን።

በ17ኛው መቶ ዓመት የጃፓን ገዥዎች ክርስትናን ለማጥፋት ሲሉ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ እንዲመዘገብ አደረጉ። ከዚህም የተነሣ ቀብር የቤተ መቅደሱ ሥራ ሆኖ ቀረ። ካህኑ ጸሎት ይደግማል፤ ለሟቹም አዲስ የሃይማኖት ስም ያወጣለታል። የስሙ ማዕረግ ከፍ ባለ መጠን ለቤተ መቅደሱ የሚሰጠው ገንዘብም ከፍ ይላል። መታሰቢያው እስከ 49ኛው ቀን በየሰባቱ ቀን፣ ከዚያም በየተወሰነው ዓመት፣ በብዙ ስፍራ እስከ 33ኛው ዓመት ይዘልቃል።

ለቀስተኛው ደግሞ «ኮዴን»፣ ማለት የዕጣን ገንዘብ፣ ይዞ ይመጣል። ነገሩ ከዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በዕድር ሁሉም እኩል ሲያዋጣ፣ በኮዴን ማን ምን ያህል እንደ ሰጠ በመዝገብ ይጻፋል። ሐዘንተኛው የገንዘቡን ሲሶ ወይም ግማሽ ያህል በስጦታ ዕቃ ይመልሳል፤ በሰጪው ቤት ሞት ሲደርስም የተቀበለውን ያህል ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ርዳታው ዕዳ ሆነ ማለት ነው። አንድ ድኻ ብቻውን ልቀንስ ቢል ውለታ ቢስ ይባላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «የአዲስ ኑሮ እንቅስቃሴ» የተባለው ሐሳብ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1955 የሐቶያማ መንግሥት ደገፈው፤ በዚያው ዓመት አስተባባሪ ማኅበር ተቋቋመ። በብዙ መንደርም ነዋሪዎቹ ለሠርግና ለቀብር የሚወጣውን ገንዘብ በስምምነት ወሰኑ። ጉንማ በተባለው ክፍለ ሀገር ምልክቱ ዛሬም ይታያል፤ በአንዳንድ ቀብር ላይ ለአዲስ ኑሮ የተለየ የመቀበያ ጠረጴዛ ይዘጋጃል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው 1,000 የን ያህል ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ የመልስ ስጦታም አይጠብቅም።

ዘዴው የሠራው ስለ ምንድር ነው? ጸሎቱን ሳይነካ፣ ሁሉም በአንድነት ስለ ቀነሰ ነው። በጋራ የተቀነሰ ነገር ማንንም አያሳፍርም።

ይሁን እንጂ ሌላም ትምህርት አለ። ቀድሞ መቃብር የሚቆፍሩት፣ ሬሳ የሚሸከሙት፣ ምግብ የሚያበስሉት ጎረቤቶች ነበሩ። ዛሬ ሬሳው በሞላ ጎደል ሁሉ ይቃጠላል፤ ሥራውንም የቀብር ድርጅቶች በገንዘብ ይዘውታል። በአንድ በር የወጣው ወጪ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። መቀነስ የሚገባው ታይታው ነው እንጂ የጎረቤት ጉልበት አይደለም።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ተዝካርን ከመንቀፋችን በፊት ከፋዮቹን እንጠይቅ። የዕድሩ አባሎች ራሳቸው ተመካክረው የሚቆርጡት ወሰን ከእኛ ስብከት ይልቅ ይጸናል።