ልብ የደሴን መንገድ አይጠብቅም

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም፤ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ሲያቃስት «ውጋት ነው»፣ «ጨጓራው ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ትኩስ ነገር ጠጥቶ እንዲተኛም ይመከራል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ሕመሙ ሐኪሞች ሃርት አታክ የሚሉት ነው፤ ያኔ የተኛው ላይነሳ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ለመላው አካል ደም ይርጭ እንጂ ራሱም ደም ይፈልጋል። ይህን ደም በሚያደርሱለት ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ለዓመታት ስብ ይጋገራል። ጋግርቱ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበታል፤ ቧንቧው ይዘጋል፤ ደም ያጣው የልብ ጡንቻም መሞት ይጀምራል። የተዘጋው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተከፈተ ጉዳቱ አይመለስም። ከመካነ ሰላም ግን ለከፍተኛ ሕክምና በአቀስታ አድርጎ ደሴ፣ አልፎም አዲስ አበባ መሄድ አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ጉዞውን ይበልጥ አክብዶታል። ስለዚህ ለዚህ አገር ሰው ዋናው መድኃኒት መከላከል ነው።

ደስ የሚለው፣ የመድኃኒቱ ግማሽ በእጃችን መኖሩ ነው። የደጋው ገብስ፣ በሶውና ቆሎው፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ አሰር አለው። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባም ለልብ ይስማማሉ። ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ወጥቶ የሚወርድ ገበሬ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ የሚለውን ምክር ሳያውቀው ይፈጽመዋል።

ችግሩ ከተሜነት ሲመጣ ነው። በእግር ይኬድበት የነበረው በባጃጅ ሆነ። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ የሆነው የፓልም ዘይት ወጡን ወረሰው። ጾሙን በአትክልት ጾመን፣ ሲፈታ ቅቤና ጥሬ ሥጋ ላይ እንረባረባለን። ጫቱም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቡናን በጨው መጠጣት የለመድን ወሎዬዎች ደግሞ ልብ እንበል፦ በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አንድ አዋቂ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ያው ጥናት ከመቶ አዋቂ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ እንደተገኘም ይናገራል። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ካልተለካ አይታወቅም።

ሕግ የተቻለውን ሞክሯል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ለጨው ማንኪያና ለቅቤ ጭልፋ ግን ዘብ የሚቆም ፖሊስ የለም። እዚያ ላይ ዳኛው እያንዳንዳችን ነን።

እናም ሲጋራ ይቅር፤ ጨውና ቅቤ ይቀነስ፤ በእግር ይኬድ፤ ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ግፊትና ስኳር ይለካ። ደረትን ጨምቆ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያሰምጥ ሕመም ሲመጣ ደግሞ «ውጋት ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ቸር ይግጠመን።