ያውቁ ኖሯል? ሩሲያን በስልኩ ያነሳው ዲሚትሪ ማርኮቭ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩሲያዊው የመንገድ ፎቶግራፍ አንሺ ዲሚትሪ ማርኮቭ በዓለም የታወቀባቸውን ሥራዎች ያነሳው በአይፎን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ትልቅ ካሜራ ሲደገንበት ሰው ወይ ይኮሳተራል ወይ ልብሱን ያስተካክላል፤ ስልክ የያዘውን ግን ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም።

የተወለደው በ1982 ከሞስኮ ወጣ ብላ በምትገኘው ፑሽኪኖ ነው። “አርጉሜንቲ ኢ ፋክቲ” በተባለው ጋዜጣ በጋዜጠኝነት ሠርቷል።

ኋላ ሞስኮን ለቆ ከኢስቶኒያና ከላትቪያ ጋር በምትዋሰነው የፕስኮቭ ግዛት ኑሮውን መሠረተ። እዚያ የወሰደው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ወላጅ አልባ ልጆች ጋር ይውል ነበር። ይህን ሳያውቁ ፎቶዎቹን ማየት ጎዶሎ ይመስለኛል። ድኻን የሚያነሳ ካሜራ ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። ማርኮቭ ግን አጠገባቸው ሆኖ ነው ያነሳቸው፤ ንቅሳታም ጎረምሳ፣ ወጣት ወታደር፣ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ የጣላት ሴት፣ ከሶቪየት ዘመን ሕንጻዎች ሥር የሚቦርቁ ልጆች። አንዳቸውም መሳቂያ አልሆኑም፣ ከንፈርም አልተመጠጠላቸውም። ራሱም ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር የታገለ ሰው ነበር፤ ይህንንም ሳይደብቅ ተናግሯል።

በ2015 የፎቶ ኤጀንሲው ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ካዘጋጁት ሽልማት ሦስት አሸናፊዎች አንዱ ሆኖ 10 ሺህ ዶላር አገኘ። ሌሎቹ ሁለቱ ከባንግላዴሽና ከብራዚል ነበሩ። በኢንስታግራም የሚከታተሉት በመቶ ሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

“ረቂቅ” እና “ሩሲያ በአራት ማዕዘን” የተሰኙ የፎቶ መጻሕፍት አሉት።

ያረፈው ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2024 በ41 ዓመቱ ነው። የተቃዋሚው መሪ የአሌክሴይ ናቫልኒ ሞት የተሰማውም በዚያው ቀን ነበር። ሁለቱን ስሞች ግን ቀድሞም አንድ ፎቶ አገናኝቷቸዋል።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2021 ሞስኮ ውስጥ ፍርድ ቤት የናቫልኒን የገደብ ቅጣት ወደ እስራት ሲለውጥ፣ ማርኮቭ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ከሌሎች ጋር ታፍሶ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። እዚያም ስልኩን አውጥቶ አንዲት ፎቶ አነሳ። ፊቱን በጥቁር ጭንብል የሸፈነ ፖሊስ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የፑቲን ምስል ተሰቅሏል። ሌላ ምንም የለም፤ ምንም መጨመርም አያስፈልጋትም። ሩሲያ ውስጥ ስለዚያ ክረምት ብዙ ተጽፏል፤ ለእኔ ግን እንደዚህች ፎቶ የገለጸው የለም። ፎቶዋ ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀችው። ማርኮቭ አንድ ቅጂዋን ለጨረታ አቅርቦ በ2 ሚሊዮን ሩብል ሸጠ፤ ገንዘቡንም በሰልፍ ለተያዙ ሰዎች ጠበቃ ለሚያቆሙ ድርጅቶች ሰጠ።