እባቡን ከሩቁ ፎቶ አንሱት

የገነተ ማርያምና የአሶሳ ዙሪያ ገበሬዎች! ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ከጉልበት በላይ ያድጋል። ማሽላ ስታርሙ፣ ቀርከሃ ስትቆርጡ፣ እንጨት ስትለቅሙ እባብ ያጋጥማችኋል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። አዲሱ ነገር በየኪሱ የገባው ካሜራ ያለው ስልክ ነው። ዱሮ እባብ የታየ እንደሆነ ዱላ ይነሳ ነበር፤ ዛሬ ወጣቱ ስልኩን ያወጣል። ደግ አደረገ። ግን ስንት እርምጃ ርቆ?

እስቲ እፉኝትን ተመልከቱ። አጭር ናት፣ ወፍራም ናት። ቀለሟ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። ሰው ሲመጣ እንደሌሎቹ አትሸሽም፤ ዝም ብላ ትተኛለች። ብዙ ሰው የምትነድፈው ነክቷት ሳይሆን ሳያያት ረግጧት ነው። እንግዲህ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ወደፊት የሚራመድ ሰው እግሩን ማን ያይለታል? አንዷን ፎቶ ሲያነሳ ሌላዋን ቢረግጥስ? ቀርፋፋ ናት ብሎ መናቅም አይገባም። ስትነድፍ ዓይን አይቀድማትም።

መርዝ የሚተፋ ኮብራም አለ። ይህኛው ሳይነክስ ይጎዳል፤ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ መርዙን ዓይን ላይ ይረጫል። ዓይኑ ላይ የተረጨበት ሰው ሳያሸው ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ታዲያ ፎቶው ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። የባሌዋን እፉኝት ነገር ስሙ። የአንዲት ትልቅ እፉኝት ገላ ብዙ ዘመን በሙዚየም ተቀምጦ ኖረ። የተያዘችው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ ከየት እንደመጣች እንኳ በቅጡ አልታወቀም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚገኘው ሌላ እፉኝት ጋር ተደባልቃ ትቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዲት በሕይወት ያለች ታየች፤ ፎቶም ተነሳች። ይህም የተመራማሪዎቹን ጥርጣሬ አቀለለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን ጽፈው አስታወቁ፤ ስሟንም ከሐረና ጫካ ወሰዱላት። 

ፎቶው ለሐኪምም ይጠቅማል። ሰው ተነድፎ ከሆነና እባቡ እዚያው ከታየ፣ ከሩቅ ሆኖ አንድ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ብዥ ቢልም ግድ የለም። ካልታየ ግን እባብ ፍለጋ ቁጥቋጦ መግባት ሁለተኛ በሽተኛ ማምጣት ነው። ገድሎ መውሰድም አያስፈልግም። የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት እንኳ ይነክሳል።

የተነደፈውን ሰው አረጋጉት። ቀለበቱን፣ አምባሩን፣ ጫማውን ቶሎ አውልቁለት፤ ሲያብጥ ያጣብቀዋልና። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፉት። ቁስሉን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ይቅር፤ የዱሮ ሰው ያደርገው ነበር ተብሎ አይደረግም። በእግሩ አታስኪዱት፤ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና አድርሱት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንክሻ ይሞታል። ብዙዎቹ እንደ እናንተ ማሳ ላይ የሚውሉ ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተራ አስገብቶታል። የመርዝ ማርከሻው መድኃኒት ውድ ነው፤ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሰው ተሸክሞ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው መንከራተት ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር ከማህበራችሁ አንድ ሰው ልካችሁ ማርከሻው የትኛው ሆስፒታል እንዳለ አስጠይቁ። ስልክ የያዘው ወጣትም ቁጥሩን አሁኑኑ ይመዝግብ።