ፕሮቲን ስኪመር

ፕሮቲን ስኪመር በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ የሚጠራቀመውን የሟሟ ቆሻሻ በአረፋ አማካይነት ከውሃው ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን «ፕሮቲን ገፋፊ» እንደ ማለት ነው፤ ሥጋ ሲቀቀል ድስቱ ላይ የሚሰበሰበው አረፋ በማንኪያ እንደሚገፈፍ ዓይነት። ሆኖም ከፕሮቲን ሌላ ቅባትን፣ ባክቴሪያንና የአልጌ ቁርጥራጭን ጭምር ያነሣል።

ጥቅሙ

ከዓሣ ዓይነ ምድር፣ ከምግብ ትራፊና ኮራል ከሚያመነጨው ልጋግ የሚመጣው ቆሻሻ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያ በጥቂቱም ቢሆን ዓሣን ይገድላል፤ ናይትሬት ሲበዛ ደግሞ አልጌን ያፋፋል፣ ኮራልንም ይጎዳል። የባክቴሪያ ማጣሪያ ሥራውን የሚጀምረው ቆሻሻው መበስበስ ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ ስኪመር ግን ከመበስበሱ በፊት ከውሃው ያወጣዋል።

አሠራሩ

ብዙዎቹ የቆሻሻው ሞለኪውሎች አንደኛው ጫፋቸው ውሃን ይስባል፣ ሌላው ከውሃ ይሸሻል። የአየር አረፋ ሲያገኙ የሚሸሸውን ጫፍ ወደ አየሩ አዙረው በአረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ስለዚህ አረፋዎቹ ባነሱና በበዙ ቁጥር የሚለጠፉበት ገጽ ይሰፋል። ፓምፑ ውሃና አየር አደባልቆ ወደ ሲሊንደሩ ይለቃል፤ አረፋው በጠባቡ አንገት ወደ ላይ ሲወጣ ውሃው ወደ ታች ይንጠፈጠፋል፣ ቆሻሻ የተሸከመው አረፋ ግን ከላይ ባለው ኩባያ ውስጥ ይፈስሳል። እዚያ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ቡና የመሰለና የሚከረፋ ነው።

በጨው ውሃ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ቶሎ አይዋሃዱም። ጨው በሌለው ውሃ ግን ተዋሕደው ይተልቃሉ፤ በዚህም ምክንያት መሣሪያው ለሐይቅና ለወንዝ ዓሣዎች ገንዳ እምብዛም አይረባም። ነፋስ በበዛበት ቀን በውቅያኖስ ዳርቻ የሚታየው ነጭ አረፋም የሚፈጠረው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

አመራረጥ

አምራቾች «እስከ 1,000 ሊትር» እያሉ የሚጽፉት አሃዝ በአንድ ወጥ መለኪያ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ሁለት ባለ 1,000 ሊትር ገንዳዎች ቢኖሩና አንዱ ጥቂት ትናንሽ ዓሣዎችን፣ ሌላው ብዙ የሚበሉ ትልልቅ ዓሣዎችን ቢይዝ ቆሻሻቸው እኩል አይሆንም። ስለዚህ ከገንዳው ሊትር ይልቅ በየቀኑ የሚገባው ምግብ የተሻለ መመሪያ ነው። እጅግ የገዘፈ ስኪመር መግዛትም ችግር አለው፤ ቆሻሻው ሲያንስ አረፋው አንገቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚከስም መሣሪያው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ያቆማል።

ዋጋም ቢሆን ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ኬን ፌልድማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሙከራ፣ የተፈተኑት ስኪመሮች በውሃው ውስጥ ካለው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ከ20 እስከ 35 ከመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያነሡና በመካከላቸውም የጎላ ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። የቀረውን ስኪመሩ አይነካውም፤ በመሆኑም በየጊዜው ውሃ መቀየርን አይተካም።

አጠቃቀም

አዲስ ስኪመር ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት አረፋው አይረጋም። ከፋብሪካ የቀረ ቅባት እስኪታጠብና የውስጡ ገጽ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን እስኪያወጣ ድረስ መታገሥ እንጂ በየሰዓቱ ማስተካከያውን ማዞር አይጠቅምም። ብዙውን ጊዜ መሣሪያው የሚቀመጠው ከዋናው ገንዳ ሥር ባለው ረዳት ገንዳ፣ ማለትም በሳምፕ ውስጥ ነው። በሳምፑ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ቢል እንኳ አረፋው ይለወጣል። አንገቱ ላይ የሚለጠፈው ቅባት አረፋውን ስለሚያከስም በየጥቂት ቀኑ ይጸዳል።

ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው የጨው ጉዳይ ነው። ስኪመሩ እርጥብ አረፋ እንዲያወጣ ሲደረግ ብዙ ቆሻሻ ያነሣል፤ ከቆሻሻው ጋር ግን የጨው ውሃም ይወጣል። በሊትር 35 ግራም ጨው ካለው 1,000 ሊትር ውሃ በየቀኑ 2 ሊትር ቢወጣ የሚጠፋው ጨው 70 ግራም ነው። በምትኩ ጨው የሌለው ውሃ ከተጨመረ፣ ከአንድ ወር በኋላ መጠኑ ወደ 33 ግራም ይወርዳል፤ ኮራል ይህን ለውጥ ለመቻል ይቸገራል።

ከዚህ የከፋው ኩባያው ሞልቶ ሲፈስ ነው። አዲስ የተለጠፈ የኮራል ማጣበቂያ ወይም አንዳንድ መድኃኒት ወደ ውሃው ሲገባ አረፋው በድንገት ይገነፍላል። በዚህ ጊዜ የጨው ውሃው መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ውሃ ሲጎድል በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ካለ ደግሞ ጨው አልባ ውሃ እየተካ ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ስለዚህ ኩባያው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገጠም ከስኪመሩ ዋጋ ጋር አብሮ ቢታሰብ ይሻላል።

ስኪመር ወደ ውሃው ኦክስጅን ስለሚጨምር መብራት ሲጠፋ ዓሣ የበዛበት ትልቅ ገንዳ ቶሎ ይጨነቃል፤ ለዚህም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይዘጋጃል። የአየር ቱቦው አፍ ጨው ሲጋግርበት አረፋው ይቀንሳል፤ ይህ በሞቀ ውሃ ይለቀቃል። ፓምፑ ላይ የሚጋገረው ኖራ መሰል ነገር ደግሞ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ይታጠባል።