ጆሮ በጉልበት አይከፈትም

በሲያትል፣ በአልካይ የባሕር ዳርቻ የስኩባ ጠለቃ አስተምራለሁ። በአንድ ቀዝቃዛ ጠዋት አንድ ያገሬን ልጅ ከሌሎች ሦስት ተማሪዎች ጋር ይዤ ገባሁ። ውሃው 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። 4 ሜትር ላይ ስንደርስ ቅንድቦቹ ሲኮማተሩ በመነጽሩ በኩል አየሁ። ወደ ጆሮዬ ጠቁሜ በምልክት ጠየቅኩት፤ ጣቶቹን አገናኝቶ «ደህና ነኝ» አለኝ። ፊቱን ትቼ ምልክቱን አመንኩ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ስንወጣ መነጽሩ ውስጥ ደም ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት ሌሎቹ እንዳይጉላሉ ብዬ ነው።»

ሐኪም ሲያየው ታምቡሩ ቆስሏል እንጂ አልተቀደደም። እስኪያገግም ግን ለሳምንታት ከውሃ ራቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርቴን የምጀምረው ከጆሮ ነው።

ላገሬ ልጆች የዓባይ በረሃን አነሳላቸዋለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈን፣ ምራቁን ሲውጥ ደግሞ ሲከፈትለት ያውቀዋል። መንገዱ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወስዳል። በጆሮ ላይ የሚጨምረው ግፊት ግን ባሕር ውስጥ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ከመጥለቅ ጋር እኩል ነው። አውቶቡስ እየተጠማዘዘ ስንት ደቂቃ የሚፈጅበትን ለውጥ ጠላቂ በጥቂት ሰከንድ ያልፈዋል።

ከታምቡር ጀርባ አየር ያለበት ክፍተት አለ። ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈታል። 10 ሜትር ስንወርድ ግፊቱ ውሃው ገጽ ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል፤ ቀጥሎ እንደገና እጥፍ እንዲሆን ግን ሌላ 20 ሜትር መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጆሮን ይበልጥ የሚፈትነው ጥልቁ ሳይሆን መግቢያው ነው። ቱቦው በጊዜ ካልተከፈተ ግፊቱ ራሱ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ያኔ አፍንጫ ይዞ በኃይል መንፋት የውስጠኛውን ጆሮ ስስ ሽፋን ሊቀድና የመስማት ችሎታን ሊያሳጣ ይችላል።

አፍንጫን ይዞ በቀስታ የመንፋት ዘዴ የሚጠራው በጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ ሲገልጸው፣ ያሰበው ከጆሮ መግል ለማስወጣት ነበር። እኔ ከዚህ በተጨማሪ አፍንጫ ይዞ ምራቅ መዋጥን አስተምራለሁ። ሁለቱም ከውሃው በላይ ተጀምረው፣ ሕመም ሳይመጣ በየግማሽ ሜትሩ ይደገማሉ።

ቅዝቃዜ የራሱን ችግር ይጨምራል። ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ጣት አፍንጫን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ተማሪዎቼ የብስ ላይ ሳሉ ጓንታቸውን አድርገው ይለማመዳሉ። ጠባቡ የራስ ሽፋን ጆሮ ላይ ተለጥፎ አየር ያፍናል፤ ጠርዙን ሳብ አድርጎ ውሃ ማስገባት ይገባል። ቀዝቃዛው ውሃ ወደ አንዱ ጆሮ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ዓለም ትሽከረከራለች። የመውረጃውን ገመድ ይዞ ረጋ ያለ ሰው ውሃው ጆሮው ውስጥ ሲሞቅ ያልፍለታል፤ የደነገጠ ግን በጥድፊያ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፤ የባሰው አደጋም ያ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ጨርሶ አይግባ። የአፍንጫ መክፈቻ መድኃኒት ከታች ሳለን ኃይሉ ሊያልቅ፣ ስንወጣም አየሩ መውጫ ሊያጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ተማሪዎች ቶሎ ይይዙታል። የሚከብዳቸው «አመመኝ» ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው፤ አስተማሪን ማስቸገርም እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሰው ቤት ጨዋነት የሆነው ይህ ጠባይ ውሃ ውስጥ ጆሮ ያሳጣል።

ስለዚህ ለምትማሩ ሁሉ አደራ እላለሁ። ጆሯችሁን ካመማችሁ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ግራ ቀኝ አወዛውዙ፣ ወደ ጆሯችሁም ጠቁሙ። 1 ሜትር ውጡና እንደገና ሞክሩ፤ እምቢ ካለ የዚያን ቀን ጠለቃ ተዉት። ይሉኝታን ከጫማችሁ ጋር ዳርቻው ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ።