ነርስነትን እየሠሩ ለመማር መዘጋጀት፦ ከማመልከቻው በፊት የሚሠራው ሥራ

ይህ ጽሑፍ በአርባ ምንጭ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የጽሑፍ ቅጂ ነው። ለንባብ እንዲመች በንዑሳን ርእሶች ተከፍሏል።



የዛሬው ርእሳችን የምዝገባ ወቅት በተቃረበ ቁጥር የሚነሣ ጥያቄ ነው። ቀን በሲቀላ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ፣ ባጃጅ የሚያሽከረክር፣ ከላንቴና ከጫኖ የሚመጣውን ሙዝ ሲጭን የሚውል፣ በሆቴል መስተንግዶ ወይም በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የሚያገለግል፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኮሌጅ የሚማር ወጣት «ነርስ መሆን እፈልጋለሁ፤ ምን ላዘጋጅ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የሰነድ ዝርዝር ነው፤ የፈተና ውጤት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም።

ነርስነት በማታ ከሚሰጡት ከአብዛኞቹ ትምህርቶች የሚለይበት ዐቢይ ነገር አለ። ሒሳብ አያያዝን ወይም ሥራ አመራርን የሚማር ሰው ያመለጠውን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ፣ ሌሊት አንብቦ ሊያካክሰው ይችላል። የነርስ ትምህርት ግን ሰፊው ክፍል በሕሙማን አጠገብ ቆሞ የሚፈጸም ልምምድ ነው፤ የልምምዱም ሰዓት የሚወሰነው በሆስፒታሉ የሥራ ሥርዓት እንጂ በተማሪው ምቾት አይደለም። ስለዚህ እየሠራ ለሚማር ሰው ዋናው ዝግጅት የማመልከቻ ቅጽ መሙላት ሳይሆን፣ ያ ሰዓት ሲመጣ ኑሮውን እንዴት እንደሚያስተካክል አስቀድሞ መወሰን ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የሚከተሉት ነጥቦች ሁሉ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ሙያው በሕሙማን ክፍል የሚማሩት ስለመሆኑ

በጣሊያን ወረራ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በእንግሊዝ በስደት ሳለ ልዕልት ፀሐይ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው በነርስነት ሠልጥነዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው ከሕሙማን ክፍል ሥራ አላስቀራቸውም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. አረፉ፤ በስማቸውም በአዲስ አበባ የመታሰቢያ ሆስፒታል ቆመ። በ1940ዎቹ በአገራችን የተጀመሩት የነርስ ትምህርት ቤቶችም የተመሠረቱት በሆስፒታሎች ውስጥ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የኅብረተሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከጤና አጠባበቅ ባለሙያዎች ጋር በአንድነት እያሠለጠነ ልምምዱን እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ አደረሰው።

ይህን ታሪክ ማንሣቴ ሥርዓተ ትምህርቱ ስንት ጊዜ ቢሻሻልም ያልተለወጠ ነገር ስላለ ነው። የደም ግፊት መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ የምጥ ሂደት መከታተል፣ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን መያዝ በንባብ ብቻ አይለመዱም። ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ጊዜውም ጠዋት ተረኞች ሲለዋወጡ፣ ሐኪሞች ሕሙማንን ሲጎበኙ፣ አልፎ አልፎም ሌሊት ነው።

ወደ ሙያው የሚያስገቡ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ መደበኛው የዲግሪ ትምህርት ነው። ተማሪው የ12ኛ ክፍል ፈተናን በተፈጥሮ ሳይንስ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከዚያም በውጤቱና በምርጫው መሠረት ይመደባል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ዓመት እንደ መለማመጃ በመቁጠር ነው። ምደባው ውጤትን ስለሚመለከት፣ በትርፍ ሰዓት ሥራ ምክንያት በመጀመሪያው ሴሚስተር የወረደ ነጥብ የፈለጉትን ትምህርት ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። የአርባ ምንጭ ጤና ሳይንስ ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማት በደረጃ የተከፈለ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ሠልጣኙም የብቃት ምዘናውን፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ማለፍ ይጠበቅበታል። ይህ መንገድ ቶሎ ወደ ሥራ ስለሚያደርስ ቤተሰብ ለሚረዳ ወጣት ይስማማል።

ሦስተኛው መንገድ በሥራ ላይ ሆኖ ደረጃን ማሳደግ ነው። በደረጃ 4 ተመርቃ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ በክረምት ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ወደ ዲግሪ ልታድግ ትችላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በሥራ ላይ እያሉ ደረጃቸውን የሚያሻሽሉበት አሠራር ተዘርግቷል። በዚህ መንገድ ለሚያመለክት ሰው የመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ከፈተና ውጤት የማያንስ ዋጋ አለው። ደብዳቤው የሚጠየቀው በምዝገባ ሳምንት ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ምትክ ሠራተኛ ለማሰብ ጊዜ በሚኖረው ወቅት ነው።

በሌላ የትምህርት ዘርፍ ማታ የሚማር ሰው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባ ነገር አለ። የነርሲንግ ዲግሪ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጥ ስለሆነ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ተፈትኖ ሒሳብ አያያዝ የጀመረ ሰው የያዘውን ነጥብ ይዞ ወደ ነርስነት መሻገር አይችልም። የመግቢያ መስፈርቱን ከተቋሙ ሬጅስትራር በጽሑፍ ማየት ከወሬ ያድናል። የግል ተቋም የሚመርጥም የኮሌጁን ስም ብቻ ሳይሆን፣ የሚማርበት ቅርንጫፍና ያ የትምህርት ዓይነት በዚያ መርሐ ግብር ዕውቅና ያላቸው መሆኑን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ያረጋግጥ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ በመጨረሻ ለምዘና መቀመጥ ሳይችል ቢቀር ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

የሳይንስ መሠረትን ማደስ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዲግሪ ደረጃም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ በመግቢያ ላይ የታለፈ ድክመት በመውጫ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከትምህርት ቤት ከወጣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው ሠራተኛ ከማመልከቱ በፊት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ መጻሕፍትን እንደገና ሊያነባቸው ይገባል። የሕዋስ አሠራር፣ የደም ዝውውር፣ የኩላሊት ተግባር፣ የአሲድና የቤዝ ምንነት ለአናቶሚና ለፊዚዮሎጂ ትምህርት መነሻ ናቸው።

ሒሳብም ችላ አይባልም። 12 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በአንድ ኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም ታዘዘ እንበል፤ መጠኑ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ ለሕፃኑ የሚሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ሌላም ምሳሌ እንይ። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ቢታዘዝና ቱቦው 20 ጠብታን ለ1 ሚሊ ሊትር የሚቆጥር ቢሆን፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን አዳሩን ያልተኛ ተማሪ አንዲት ነጥብ ቢያዛውር ሕፃኑ የሚወስደው መድኃኒት አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል።

የሰዓት ስሌት

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ለእንቅልፍ በቀን 7 ሰዓት ብንሰጥ 49 ይሆናል፤ የቀረን 71 ነው። ለክፍል ትምህርት 16 ሰዓት፣ ለምግብ፣ ለመንገድ፣ ለቤተሰብና ለእምነት በቀን 5 ሰዓት ብንይዝ ለጥናት 20 ሰዓት ይተርፋል። በዚህ ስሌት የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት መወጣት ይቻላል። በሳምንት ሦስት ጠዋት የሆስፒታል ልምምድ ሲጨመርበት ግን ጠዋቱ የተያዘው በሥራ ስለሆነ ስሌቱ ይፈርሳል። ብዙ ተማሪ በዚህ ጊዜ የሚቆርጠው ከእንቅልፉ ነው፤ ጉዳቱም ከእርሱ አልፎ ሕመምተኛውን ያገኛል።

መፍትሔው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። አንደኛ፣ የልምምድ ወራት በየትኛው ሴሚስተር እንደሚውሉ ከትምህርት ክፍሉ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ ለእነዚያ ወራት የሚበቃ የቤት ኪራይና የቀለብ ገንዘብ ከወዲሁ በዕቁብ ወይም በቁጠባ ማስቀመጥ፤ ለምሳሌ የወር ወጪው 6,000 ብር የሆነ ተማሪ ሙሉ በሙሉ ሥራ ለሚያቆምባቸው ሦስት ወራት 18,000 ብር ያስፈልገዋል፤ ይህም በ18 ወር ውስጥ በየወሩ 1,000 ብር ማስቀመጥ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከአሠሪ ጋር በግልጽ መነጋገር። የትምህርት ፈቃድ አሰጣጥ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ የሚወሰን ጉዳይ በመሆኑ፣ ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን ደንብ አንብቦ ጥያቄውን በጽሑፍ ቢያቀርብ መልካም ነው። ሥራው ፈረቃ ካለው ደግሞ የልምምዱ ወራት ከመድረሳቸው በፊት ከባልደረባ ጋር የሚለዋወጥበትን መንገድ ያመቻች።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ ችግር አላመለጡም። በአሜሪካ በዋሽንግተን አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያ በረዳት ነርስነት እየሠሩ ኮሌጅ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እዚያ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂን አብዛኛውን ጊዜ ከማመልከታቸው በፊት አንድ በአንድ ወስደው ይጨርሳሉ፤ ይህን ከሥራ ጋር ማስኬድ ይቻላል። የሆስፒታል ልምምዱ ሲጀምር ግን እነርሱም የሥራ ሰዓታቸውን ይቀንሳሉ።

ጤናን መጠበቅ፤ ያለንን ልምድ ማወቅ

ሕሙማንን ለመንካት የሚዘጋጅ ሰው የራሱን ጤና ያስቀድማል። የጉበት በሽታ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። ስለዚህ ልምምድ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክትባቱን የሚጠይቅ ተማሪ መርፌ የሚይዘው መከላከያው ሳይሟላለት ነው።

በሌላ በኩል ሠራተኛ ተማሪ ሳያውቀው ይዞት የሚመጣ ሀብት አለ። በጋሞ ዞን በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ያለው ቆላ የወባ አገር ነው። ደጋው፣ ጨንቻና አካባቢው፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ የሚታይበት ነው። በዚህ በሽታ እግራቸው ያበጠ እናት ሕመማቸውን ለመናገር የሚያፍሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አማርኛም ላይቀናቸው ይችላል። በጋሞኛ ሰላምታ የሚያውቅ፣ በገበያ ከሽማግሌም ከልጅም ጋር መነጋገር የለመደ ተማሪ ግን «እግርዎን በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ፣ ጫማ ያድርጉ» የሚለውን ምክር ሳያሳፍር ማድረስ ይችላል። ተቋሙ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ አመልካቹ የሠራበትን ሥራ እንደ ጉድለት ሳይደብቅ ከሰው ጋር መሥራትን እንዴት እንዳስተማረው ይናገር።

የመምህራን ድርሻ

ባልደረቦቼ፣ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ ብቻ ቢቀር ፍትሕ አይሆንም። የልምምድ ሰሌዳ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ቢወጣ ተማሪው ከአሠሪው ጋር ለመነጋገር ጊዜ ያገኛል፤ በዋዜማው ቢለጠፍ ከሥራው ወይም ከትምህርቱ አንዱን ለመተው ይገደዳል። የተግባር መለማመጃ ክፍሎች በሳምንት አንድና ሁለት ምሽት ክፍት ቢሆኑ፣ ቀን የሚሠራው ተማሪ ወደ ሕሙማን ከመቅረቡ በፊት በአሻንጉሊት ላይ እጁን ያፍታታል። የልምምድ ሰዓት እንዲቀነስለት የሚጠይቅ ሲመጣ ግን መልሳችን ርኅራኄ ያለበት፣ ነገር ግን የማያወላውል መሆን አለበት። ሰዓቱን ማስተካከል፣ ወደ ሌላ ሳምንት ማዛወር፣ በአንድ ሴሚስተር የሚወሰደውን በሁለት መክፈል ይቻላል። ያልተሠራን ልምምድ እንደተሠራ አድርጎ መፈረም ግን አይቻልም፤ በጨንቻ ሆስፒታል ወይም በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የምትሆነው ነርስ ያን ጊዜ የምትተማመነው በፊርማችን ሳይሆን በለመደችው ነገር ነውና።

ውድ ተማሪዎች፣ ለመጪው ዓመት ለማመልከት የምታስቡ ካላችሁ በዚህ ሳምንት አራት ነገሮችን ጀምሩ፤ የመግቢያ መስፈርቱን ከሬጅስትራር ጠይቁ፣ የልምምድ ወራትን ለዩ፣ ከአሠሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ የባዮሎጂ መጽሐፋችሁን ክፈቱ። ስሌቱን ሠርታችሁ ዘንድሮ እንደማይሆን ካያችሁ አንድ ዓመት ቆይቶ ተዘጋጅቶ መግባት ውርደት አይደለም። ሦስተኛ ዓመት ደርሶ በገንዘብና በድካም ምክንያት ከማቋረጥ ይልቅ የዘገየ ጅምር እናንተንም ወደፊት የምታገለግሉትንም ሕዝብ ይጠቅማል።